ለድረ ገጽ ሥራ ፎቶሾፕ ግዴታ መሆን የለበትም

ክቡር አዘጋጅ፣

የድረ ገጽ ዲዛይነር ለመቅጠር በሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ «የፎቶሾፕና የኢሉስትሬተር አጠቃቀምን ጠንቅቆ የሚያውቅ» የሚል መስፈርት ደጋግሜ አነባለሁ። ፎቶሾፕ የፎቶ ማስተካከያ፣ ኢሉስትሬተር ደግሞ የአርማና የሥዕል መሥሪያ ሶፍትዌር ነው። ወጣቶችን በዚህ ሙያ የማሠለጥን እንደመሆኔ፣ መስፈርቱ ሠልጣኞችን ወዴት እንደሚመራቸው በቅርብ ስለማይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የሁለቱም ሶፍትዌሮች ባለቤት የሆነው አዶቢ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ አዳዲስ እትሞቹን የሚያቀርበው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚታደስ ክፍያ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚፈጸም ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃል፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ለጀማሪ ቀርቶ ደኅና ገቢ ላለውም ከብዷል። በዚህ ምክንያት ተማሪውም ቀጣሪውም ክራክ ወደተደረገ፣ ማለትም የፈቃድ መቆጣጠሪያው ወደተሰበረ ቅጂ ይሄዳሉ፤ በነፃ አገኘነው ይላሉ። ይህ ነፃ አይደለም። ክራኩን ለመጫን በቅድሚያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ግን የደንበኛው ድረ ገጽ የይለፍ ቃል ተቀምጧል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ በሥልጠና ክፍሎች ውስጥ ሲነገር የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ለድረ ገጽ የሚዘጋጅ ምስል የሚታየው በስክሪን ነው። ጊምፕ የተባለው ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚወቀስበት የሕትመት ቀለም አያያዝ ለማተሚያ ቤት ሥራ እውነተኛ ችግር ቢሆንም፣ ለድረ ገጽ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። 4000 ፒክስል ስፋት ያለውን የካሜራ ፎቶ ቆርጦ፣ ወደ 1200 አሳንሶ በዌብፒ (ለድረ ገጽ በተዘጋጀ ቀላል የምስል ፋይል ዓይነት) ማውጣት ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም አንባቢ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ጊምፕ ይህን ያለ አንዳች ክፍያ ይሠራዋል።

ለአርማ ደግሞ ኢንክስኬፕ የተባለ ሌላ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ፋይሉን የሚያስቀምጠው በኤስቪጂ ሲሆን፣ ይህም ብራውዘሮች በቀጥታ የሚያነቡትና ቢያሳድጉት የማይደበዝዝ ዓይነት ነው። በአማርኛ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር ልጥቀስ፦ በአርማው ውስጥ ፊደል ካለ፣ ፋይሉ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የተመረጠው ፎንት በተመልካቹ ስልክ ላይ ከሌለ ፊደሉ በሌላ መልክ ይወጣል። ቅርጽ የሆነ ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ስለማይታረም ዋናውን ፋይል ለብቻ ማስቀመጥ ይገባል።

የሚከፈልበት ሶፍትዌር ቦታ የለውም አልልም። ደንበኛው ብዙ ሌየር (ተደራራቢ የምስል ንብርብር) ያለው የፎቶሾፕ ፋይል ልኮ በዚያው ላይ እየተመላለሱ እንዲሠሩለት ሲፈልግ፣ ጊምፕ ፋይሉን ቢከፍተውም አንዳንድ ኢፌክቶች እንደነበሩ አይቆዩም። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጊምፕ 3.0 እትም ዋናውን ምስል ሳይነኩ ፊልተሮችን ማስተካከል በማስቻሉ ልዩነቱን ቢያጠብበውም አላጠፋውም። በዚህ ዓይነት ሥራ የሚተዳደር ድርጅት ፈቃዱን ገዝቶ ወጪውን በሥራው ዋጋ ውስጥ ማካተት ይኖርበታል።

ቀጣሪዎች የሶፍትዌር ስም ከመዘርዘር ይልቅ አመልካቹ የሠራቸውን ገጾች እንዲያቀርብ ቢጠይቁ፣ ፎቶሾፕ የግድ የሚያስፈልጋቸው ከሆነም ፈቃዱን ራሳቸው እንደሚያቀርቡ በማስታወቂያው ላይ ቢገልጹ መልካም ነው። ማሠልጠኛዎችም ትምህርቱን በጊምፕና በኢንክስኬፕ ቢያስጀምሩ፣ ሠልጣኙ የተማረበትን ሶፍትዌር ቤቱ ወስዶ በሕጋዊ መንገድ ሊለማመድበት ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
የድረ ገጽ ዲዛይን አሠልጣኝ፣ ከአዲስ አበባ