ለብሪታንያ መከላከያ ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ፦ ለልዑሉ የበዛው አደጋ ለእህቴ ልጅ እንዴት አነሰ?

ክቡር ሚኒስትር፣

በአደባባይ የምጽፍልዎ ወድጄ አይደለም። በግል ጠይቀን ጠይቀን መልስ ስላጣን ነው።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ለንደን ያደገ፣ የናንተን ዩኒፎርም የለበሰ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ኢራቅ ውስጥ ወዳለችው ባስራ ሊሄድ ሲል እናቱ ሳሎን ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሻንጣውን ታስተካክላለች። በላስቲክ የቋጠረችውን በሶ ካልሲ ውስጥ ትወሽቃለች። እሱ ደግሞ «እማዬ፣ ይቺን ዱቄት ፍተሻ ላይ ሲያገኟት ምን ልበላቸው?» እያለ ይስቃል። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር። የምድር ጦሩ አዛዥ ጄኔራል ሪቻርድ ዳናት ብቅ አሉና ልዑል ሃሪ ኢራቅ እንደማይዘምት ተናገሩ። በልዑሉ ላይ ያነጣጠረ ዛቻ አለ፤ እሱንም አብረውት ያሉትንም ለከፋ አደጋ ያጋልጣል አሉ።

እህቴ ቀና ብላ ልጇን አየችው። ምንም አላለችም።

በኋላ ግን ለአንድ ቢሮ ጻፈች። የኔ ልጅ የሚሄድበትን አደጋ የመዘነው ማን ነው? ይሄን ያህል ይቻላል ያለውስ? ብላ። ስለ ግዳጅ ዝርዝር መረጃ አንሰጥም አሏት። ደግመን ጻፍን። «ጥያቄያችሁ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል መጣ። በቃ፣ እዚያው ቀረ። ለልዑሉ ሲሆን ግን ጄኔራሉ ራሳቸው ካሜራ ፊት ቆመው አስረዱ።

ያኔ የነበረውን እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ሃሪ ሊመራ የነበረው 12 ሰዎችና አራት ሲሚታር የቅኝት ተሽከርካሪዎችን ነበር። ውሳኔው ሊነገር አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው፣ ኤፕሪል 19 ቀን፣ ሜይሳን በተባለው የኢራቅ ግዛት ሁለት ወታደሮች በዚያው ዓይነት ተሽከርካሪ ውስጥ ሳሉ መንገድ ዳር በተጠመደ ፈንጂ ሞተዋል። እነሱን ያሰጋ ነገር አለ ብሎ ካሜራ ፊት የቆመ ጄኔራል አላየንም። መንገዱ ለልዑሉ አይሆንም ተባለ፣ ሌላው ሄደበት።

«ጠላት ልዑሉን ሲያሳድድ አጠገቡ ያለው ያልቃል» ትሉናላችሁ። እውነትነት አለው። ታዲያ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ያንኑ ልዑል አፍጋኒስታን፣ ሄልማንድ እንዴት ላካችሁት? ጋዜጦቹን ዝም አሰኝታችሁ አሥር ሳምንት ያህል ቆየ። በፌብሩዋሪ 2008 የውጭ ሚዲያ ወሬውን ሲያወጣው ነው በጥድፊያ የመለሳችሁት። በ2012 ደግሞ በአፓቼ ሄሊኮፕተር ረዳት አብራሪና ተኳሽነት ተመልሶ ሄደ። ያውም በይፋ ተነግሮ! አጠገቡ የነበሩት ልጆች በሜይ ውድ ሆነው በዲሴምበር ረከሱ? በ1982 ከአርጀንቲና ጋር በተደረገው የፎክላንድ ጦርነት የንግሥቲቱ ልጅ ልዑል አንድሩ ሄሊኮፕተር ሲያበር በዙፋን ተራ ሁለተኛ ነበር። ሃሪ በ2007 ሦስተኛ ነበር። ደንባችሁ የቱ ነው?

እኔ በመጣሁበት አገር ንጉሥ ራሱ ይዘምት ነበር። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1889 መተማ ላይ ወደቁ። ድል ሊያደርግ የተቃረበው ጦር የንጉሡን መመታት ሲሰማ ተፈታ። ስለዚህ የዙፋን ሰው ጦር ሜዳ ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚከተል ለኔ አይነገረኝም። ምክንያታችሁ ይሄ ከሆነ ይሄንኑ በሉ። «የንግሥቲቱ የልጅ ልጅ ይበልጥብን ነበር» በሉ። ያንገበግባል፣ ግን ቢያንስ ውሸት አይደለም። በእህቴ ልጅ ስም ግን አትከለሉ። ለሱ ደኅንነት ተብሎ የተሰረዘ ዘመቻ የለም።

የልዑል ዊልያም ልጆች እያደጉ ነው። አንዳቸው ዩኒፎርም ከማጥለቃቸው በፊት ደንቡን በጽሑፍ አውጡት። የማይዘምት ከሆነ የሰልፍ ልብሱ ይበቃዋል፣ የተዋጊ ጦር አዛዥ አታድርጉት። የሚዘምት ከሆነ አብረውት የሚሄዱት ቀድመው ይወቁት፣ አንሄድም የማለት መብትም ይኑራቸው።

ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት በሰላም ተመልሷል። የእናቱ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው። መልስ ካለዎት ለሷ ይጻፉላት። «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የሚል ከሆነ ግን ቴምብርዎን አያባክኑ።