ለልጄ፦ የኋላውን ወንበር ሳታዪ በሩን አትዝጊ

የኔ ልጅ፣

እንዴት አደርሽ? እኔስ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው የነጋው። ትላንት ማታ ስትደውዪ «ሁላችንም ደህና ነን» አልሽና ስልኩን ለትልቋ ሰጠሻት። እሷ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ሚስጥር የሚባል ነገር አታውቅም። «እማማ፣ እማዬ እኮ ማሙሽን መኪና ውስጥ ረሳችው! ማሙሽስ ስላት ጮኸችና ሮጠን ተመለስን» አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። ወዲያው ስልኩን ቀማሻት። «አጋነነችው እንጂ አንድ ደቂቃም አይሞላ» አልሽ። ከዚያ ኔትወርክ ተቋረጠ ብለሽ ዘጋሽው። ኔትወርኩ አልተቋረጠም። የወለድኩሽ እኔ ነኝ፣ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ አውቀዋለሁ።

የምጽፍልሽ ልቆጣሽ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ግን ሌላውን ሁሉ ብትዘዪው እንኳን ይቺን አንብቢ፦ መኪና ባቆምሽ ቁጥር የኋላውን ወንበር ሳታዪ በሩን አትዝጊ። ባዶ መሆኑን እያወቅሽም እዪ። ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ቤት ቀርተውም ቢሆን እዪ። ለማስታወስ አይደለም፣ እጅሽና ዓይንሽ እንዲለምዱት ነው።

ረሳሁት ማለት አልወደውም ማለት አይደለም፣ ይሄንን ለራስሽ ደጋግመሽ ስትጠይቂ እንዳደርሽ አውቃለሁ። ታናሽሽን ሌሊት ቀስቅሼ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ካለ ፈልግልኝ አልኩት። ዴቪድ ዳይመንድ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ይሄንኑ ነው አለኝ። መንገዱን በልማድ የሚነዳው የአእምሯችን ክፍል አንዳንዴ «ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ያሰበውን ክፍል ይጋርደዋል። የሚጋርደው ደግሞ እንቅልፍ ሲያንስ፣ የየቀኑ ፕሮግራም ሲቀየር፣ መሀል ላይ ስልክ ሲጠራ፣ ሕፃኑም ከኋላ ድምፁ ሲጠፋ ነው። አሁን ያንቺን ቀን አስቢው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ትልቋን የምታደርሺበት መንገድ ተቀይሯል። ትንሹ ጥርስ እያወጣ ሌሊት አያስተኛሽም። አለቃሽ መሪ ይዘሽ ይደውላል። ማሙሽ መኪና ሲንቀሳቀስ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል። አራቱም ተሟልቶልሻል! ጨካኝ እናት መሆን አያስፈልግም፣ የደከመች እናት ይበቃል።

«አንድ ደቂቃ» ያልሽውን ግን እንዳትደግሚብኝ። የቆመ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል። ውጭው 22 ዲግሪ ብቻ በሆነበት፣ እኔና አንቺ «ደስ የሚል ቀን» በምንለው ቀን እንኳን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መኪናው ከ40 አልፎ ይሄዳል። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ ብዙም የሚያመጣው ለውጥ የለም፣ እኔም ዕድሜዬን ሁሉ ይረዳል ብዬ አምን ነበር። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል። ስለዚህ «ቶሎ እመለሳለሁ፣ ተኝቷል፣ አልቀስቅሰው» ብሎ ነገር የለም። ቀስቅሺው። ያልቅስ።

አሁን የማዝሽን ዛሬውኑ አድርጊ። የእጅ ቦርሳሽን ከፊት ወንበር አንሺና ኋላ፣ እሱ እግር ስር አስቀምጪ። ስልክሽም እዚያው ይሁን፣ ስትነጂ ደግሞ ስልክ ምን ያደርግልሻል! ይሄም ካልበቃ ግራ ጫማሽን አውልቀሽ ኋላ አድርጊው፣ በባዶ እግርሽ ቢሮ አትገቢም። ለሕፃናት ማቆያውም ንገሪያቸው፦ በሰዓቱ ካልደረሰ ለአንቺም ለአባቱም ይደውሉ፣ ዝም ብለው «ዛሬ ቀረ» አይበሉ። ማታ መኪናው ቤት ሲገባ ቆልፊው፣ ቁልፉንም ከፍ አድርገሽ ስቀዪው። ትልቋ ድብብቆሽ ትወዳለች፣ ራሳቸው ከፍተው ገብተው መውጣት ያቃታቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም።

የባልሽስ ስልክ አይሠራም እንዴ? ይሄን ስጠይቅሽ ሁሌ ትስቂያለሽ። ልጁ ትኩሳት ሲነሳው ለአንቺ ይደወላል፣ ሞግዚቷ ስትቀር ለአንቺ፣ የእረፍት ጊዜ ትምህርቱ «ዛሬ በግማሽ ቀን እንጨርሳለን» ሲል ለአንቺ። የዓመት ፈቃድሽ አንድ ቀን እንኳን ሳታርፊበት፣ ግማሽ ቀን ግማሽ ቀን እየተቆረሰ አለቀ። ሦስቱን የእረፍት ወር በወረቀት አስምሪና ከእሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተካፈሉት። ማን የቱን ሳምንት፣ ማን ጠዋት፣ ማን ከሰዓት። «ይረዳኛል» አትበዪኝ፣ የገዛ ልጆቹ ናቸው፣ ምኑን ነው የሚረዳው?

እኔማ ማንን ልምከር። የባልዲውን ነገር ላነሳው ነው፣ እንዳትቆጪ።

አንቺ ስድስት ዓመትሽ ነበር፣ ታናሽሽ ገና ዓመት ተኩሉ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ስትጠብቃችሁ የነበረችው ሴት በዚያው ሳምንት ሳትነግረኝ ቀረች። አባትሽ ለሥራ ርቆ ሄዷል። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ነው፣ ገና በሙከራ ላይ ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት «ልጅ ታመመብኝ» ብዬ ስቀር የኃላፊዬን ፊት አይቼዋለሁ። ሁለተኛ ልቅር ብዬ አፌን ለመክፈት አልደፈርኩም። ለሁለት ሰዓት ነው ብዬ ቆልፌባችሁ ወጣሁ። ሁለቱ ሰዓት አራት ሆነ።

ስመለስ ወለሉ ሁሉ ውሃ ነው። ባልዲው ተገልብጧል። አንቺ ጥግ ላይ ታናሽሽን አቅፈሽ ቆመሻል፣ ቀሚስሽ ደረትሽ ላይ ተጣብቋል። ቀኑን ሙሉ ስሳቀቅ የዋልኩት ሴትዮ፣ ያየሁት ውሃውን ብቻ ነው። በጥፊ አልኩሽ። «ውሃ አትንኪ አላልኩሽም?» ብዬ። አላለቀስሽም። ዝም ብለሽ አየሽኝ።

ከዚያ ልብሱን ልቀይርለት ሳወልቅ ጸጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ሹራቡ እስከ ሆዱ ርሷል፣ ሱሪው ግን ደረቅ ነው። ሱሪውን በእጄ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ። በጭንቅላቱ ነበር ባልዲው ውስጥ የገባው። በእግሩ ጎትተሽ፣ ባልዲውን ገልብጠሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። በስድስት ዓመትሽ።

ይቅርታ አላልኩሽም። ማታ ጸጉርሽን ስሠራልሽ ከወትሮው ቀስ ብዬ ሠራሁት፣ እሱን እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት። በነጋታውም ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራ ሄድኩ፣ እናንተን ጎረቤት አስቀምጬ። ለአባትሽም አልነገርኩትም። ታናሽሽ እስከ ዛሬ «እህቴ ውሃ ደፍታ ተመታች» እያለ እንደ ቀልድ ያወራዋል፣ አንቺም አርመሽው አታውቂም። ለምን? ለእኔ ብለሽ ነው አይደል? ይሄ ከጥፊው በላይ ያንገበግበኛል።

አሁን ልጠይቅሽ። «ማሙሽስ?» ያለችው ትልቋ ናት። ያስታወሰችሽ እሷ ናት። ምን አልሻት? ጮህሽባት? «ለማንም እንዳታወሪ» አልሻት? ስልኩን ስትቀሚያት ሳቋ ሲቋረጥ ሰምቼዋለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ጥሩ ሥራ ሠርታ ጥፋት የሠራች ከመሰላት፣ ሌላ ቀን ዝም ትላለች። እኔ ጋ የቀረው ስህተት አንቺ ጋ ባይደርስ ደስ ይለኛል። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በዪና «ወንድምሽን ስላስታወስሽልኝ አመሰግናለሁ፣ እኔ ረስቼ ነበር» በያት። ልክ እንደዚህ። «አይዞሽ» ብቻ ብለሽ እንዳታልፊው።

ጠባቂም አታድርጊያት ግን። «ወንድምሽን እዪው» ብለሽ ሻወር እንዳትገቢ። ለልጆች የምትገዢው የፕላስቲክ ገንዳ ከተጠቀማችሁበት በኋላ ወዲያው ይደፋ፣ ተገልብጦ ይደር። ባልዲም እንደዚያው። ለትንንሽ ልጆች 5 ሳንቲሜትር ውሃ ይበቃል። ደግሞ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሰጥም አይጮህም፣ አይንቦጫረቅም፣ ዝም ነው የሚለው። ታናሽሽ እንኳን ድምፅ አላሰማም ነበር። ልጅ ውሃ አጠገብ ካለ ላፕቶፕ ዝጊ። ኢሜይሉ የትም አይሄድም።

ማሙሽ ስምንት ወሩ አይደል? በሙቀቱ ጊዜ ጡቱን ቶሎ ቶሎ ስጪው፣ ከምግቡ ጋር ትንሽ ትንሽ ውሃም ይቅመስ። ጓደኛሽ የወለደችው ግን ገና ስድስት ወር አልሞላውምና ውሃ እንዳትሰጪው በያት፣ ጡት ይበቃዋል፣ ሙቀትም ቢሆን። ቢሮ የምታልቢው ወተት ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ክፍሉ ሞቅ ካለ ደግሞ ቶሎ ፍሪጅ ይግባ፤ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆይልሻል። ጠጥቶ የተረፈውን ጡጦ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልጨረሰው ድፊው። አውቃለሁ፣ በዚያ ማሽን ስንት ታግለሽ ያለብሽውን መድፋት ያናድዳል። ድፊው። ጋሪውን ፀሐይ እንዳይመታው ብለሽ በጨርቅ እንዳትሸፍኚው፣ ውስጡ ይታፈናል፣ ጥላ ፈልጊ። ከረፋዱ 4 እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ድረስ ፀሐዩ ይበረታል፣ መጫወቻ ቦታ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ሂዱ። ሸርተቴውን መጀመሪያ በእጅሽ ንኪው። ዳይፐሩ ከወትሮው ረዘም ላለ ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ለእኔ አትደውዪ፣ ለሐኪም ደውዪ። ለእኔ በኋላ ትደውያለሽ።

ትልቋ ቴሌቪዥን በዛባት ብለሽ ያለቀስሽውን ደግሞ ተዪው። አንቺ ስብሰባ ላይ ሆነሽ ሁለት ካርቱን አየች፣ ምን ሆነች? ሌላው ቀን «ሰለቸኝ» ስትል ወዲያው ተነስተሽ አታጫውቻት። ይሰልቻት። አንቺም ከሶፋ ትራስ ቤት ትሠሪ የነበረው ስትሰለቺ ነበር። ስብሰባ ላይ ድምፅሽን ሳትዘጊ እሷ «እማዬ ካካዬ መጣ» ያለችውን ታናሽሽ ነግሮኝ እንባዬ እስኪፈስ ነው የሳቅኩት። አለቃሽም ሰው ነው፣ እሱንም አንዲት እናት አሳድጋዋለች።

ቆይ፣ ሳልረሳው። ከነገ ጀምሮ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። በየቀኑ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት። «እማዬ ሥራ ላይ ነኝ» ብለሽ እንዳትነጫነጪብኝ፣ ወሬ አላበዛም። «ማሙሽስ?» ነው የምልሽ። «ደርሷል» በዪኝና ዝጊው። ካላነሳሽው ለባልሽ እደውላለሁ፣ እሱም ካላነሳው ለማቆያው። ቁጥራቸውን ላኪልኝ። ያው አንቺ ደግሞ እኔ እስክደውል አትጠብቂ፣ የኋላውን ወንበር ሳታዪ በሩን አትዝጊ።

ታናሽሽንም ዛሬ ምሳ ላይ ቁጭ አድርጌ የባልዲውን ነገር እንደነበረ ነገርኩት። ሹካውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ይደውልልሽ ይሆናል፣ አንሺለት።

ማታ ደግሞ ትልቋን ስልክ ላይ አቅርቢልኝ። ያቋረጥሽባትን ወሬ ከመጀመሪያው ጀምራ ትጨርስልኝ።

እናትሽ