በፒኤልሲ አውትፑትና በጭነቱ መሃል ሪሌይ ይግባ

ሰላም ለሁላችሁ፤

ፓነል ስትሠሩ ኮንታክተርም (እንደ ሞተር ያለ ከባድ ጭነት የሚያበራ ትልቅ ማብሪያ) ሆነ ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ) በቀጥታ ከፒኤልሲ (ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) አውትፑት ጋር ባታስሩ ደስ ይለኛል። መሃል ላይ ትንሽ ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አስገቡ።

የትራንዚስተር አውትፑት አብዛኛውን ጊዜ የሚችለው በ24 ቮልት ዲሲ 0.5 አምፔር አካባቢ ነው። የትንሽ ሪሌይ ኮይል (ሪሌዩን የሚስበው ጥቅል ሽቦ) ግን የሚወስደው ጥቂት አሥር ሚሊአምፔር ብቻ ነው። የፒኤልሲው አውትፑት ካርድ ሳይጨናነቅ ይሠራል፤ ከባዱን የሚሸከመው የሪሌዩ ኮንታክት (የሚገጥመውና የሚላቀቀው ብረት) ነው። 230 ቮልቱም ከካርዱ ይርቃል። ኮንታክቱ ቢበላም ሪሌዩን ነቅሎ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ካርድ መቀየር ግን ማሽን ማቆም ነው።

የሪሌዩ ኮይል ላይ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ማሰሩን አደራ! ኮይሉ ሲጠፋ በተቃራኒ አቅጣጫ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሊወረውር ይችላል። ትራንዚስተሩን የሚገድለው ይሄ ነው። ዳዮዱ ከኮይሉ ጋር በትይዩ ይታሰራል፤ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ከተገለበጠ ሾርት ነው። የሪሌዩ ቤዝ ዳዮድ ካለው ደግሞ ከኮይሉ ሁለት ጫፎች ኤ1 ላይ ፖዘቲቭ፣ ኤ2 ላይ ኔጌቲቭ መግባቱን እዩ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር፦ ሪሌዩ ላይ የተጻፈው 6 አምፔር እንደ ሂተር ላለ ጭነት ነው። ለኮንታክተር ኮይል አቅሙ በጣም ይወርዳል። ዳታሺቱ ላይ ኤሲ-15 (ለኤሲ ኮይል ጭነት የተሰጠው አቅም) የሚለውን ፈልጉ። ፊውዝም ይኑረው።

ቶሎ ቶሎ ለሚበራና ለሚጠፋ ነገር መካኒካል ሪሌይ አይዘልቅም፤ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (የሚንቀሳቀስ ኮንታክት የሌለው) ይሻላል። ኢመርጀንሲ ስቶፕን ግን በፍጹም በዚህ ተራ ሪሌይ አትሥሩ። እሱ ሴፍቲ ሪሌይ (ለደህንነት ሥራ ተብሎ የተሠራ ሪሌይ) ይፈልጋል።