ግልጽ ደብዳቤ፦ የቆየው መቃብር ከመደልደሉ በፊት ይመዝገብ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደብረ ብርሃን

በከተማችን ቤተ ክርስቲያን ምዕራባዊ ወገን ያለው የቆየ መቃብር ለአጥርና ለአዲስ ቀብር ሊደለደል ነው። አጥሩን እኛም እንፈልገዋለን፤ ከብት በአባቶች መቃብር ላይ ሲግጥ ማየት ያማል። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድም ድንጋይ ከቦታው ሳይነሣ መቃብሩ ይመዝገብ።

የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጻፈው የክብር መዝገብ፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ፣ ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቷል። ስለዚህ ከ2008 በፊት ያረፈ የከተማችን ሰው ስሙ ያለው በመቃብሩ ድንጋይ፣ በእድር ደብተርና በሽማግሌ አፍ ነው። ሽማግሌው ያልፋል። የእድሩ ደብተር ደግሞ ሟቹን የሚያውቀው በዓለማዊ ስሙ ሲሆን ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ብዙ ጊዜ ስመ ክርስትናው ነው። ድንጋዩ ላይ «ወለተ ማርያም» የተባሉት እናት በደብተሩ ሌላ ስም አላቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ድንጋዩ ተነሥቶ አጥር ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ያ ሰው በሕይወት ቢኖር እንኳ የሚያሳየው ቦታ የለውም።

ጽሑፍ የሌለው ክምር ድንጋይም መቃብር ነው። በ1909 ዓ.ም. በቶራ መስክና በሰገሌ ጦርነት የወደቁት፣ በ1911 በኅዳር በሽታ ያለቁት፣ ብዙዎቹ ስም ሳይጻፍላቸው ነው የተቀበሩት። በግንቦት 1929 ከደብረ ሊባኖስ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው የተረሸኑትን ዲያቆናት የጣሊያን ጦር ራሱ 129 ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ ስማቸውን ግን አልጻፈም። ከአጥቢያው ቅጥር ውጭ ባለው ሜዳ ክምር ሲገኝ የማን እንደሆነ በአቅጣጫ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ክርስቲያን ራሱ ወደ ምዕራብ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ይቀበራል። መካ ከእኛ ወደ ሰሜን ስለሆነች ሙስሊሙም በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ወደ ሰሜን ሲዞር ጉድጓዱ ያው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው። ከዚህም የቀደመ ሊሆን ይችላል፤ በመንዝ ተተር ጉር የተቆፈረው የድንጋይ ጉብታ የሺህ ዓመት ገደማ ቀብር ሆኖ ተገኝቷል፤ ውስጡም የመስታወት ዶቃ ነበረበት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ጠብቆ ወዲያው እንዲያሳውቅ ያዛል። ለዶዘር ነጂው ይህን ከሥራው በፊት ይንገሩት፤ ከሥራው በኋላ ዋጋ የለውም።

አመዘጋገቡ ከባድ አይደለም። ቦታውን 10 ሜትር በ10 ሜትር በገመድ መክፈል፣ በየማዕዘኑ 50 ሳንቲ ሜትር ፌሮ መትከል። ፌሮ ስለሚነቀል ግን እያንዳንዱ መቃብር ከማይነቃነቁ ሁለት ነጥቦች፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዕዘንና ከበሩ ዓምድ፣ በሜትር ይለካ፤ ሁለቱ ርቀቶችና መቃብሩ ሁለቱን ነጥቦች ከሚያገናኘው መስመር በየትኛው ወገን እንዳለ ከተጻፉ ቦታው ሁልጊዜ ይገኛል። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል። ጊዜው ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ሣሩ ደርቋል፣ በልግ አልገባም።

ሁሉም የሚጀምረው ከትልቁ ሐውልት ነው፤ ይህ ስህተት ነው። ጥቁር ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ለልጅ ልጅ ይቆያል። ቀድሞ የሚጠፋው በእንጨት መስቀል ላይና በቆርቆሮ ላይ በቀለም የተጻፈው ስም ነው፤ ከእሱ ይጀመር። ቀጥሎ ነጩና ግራጫው ለስላሳ ድንጋይ ይመጣል፤ ዝናብ ይጠጣል፣ የጠጣው ውኃ በኅዳር ውርጭ ሲረጋ ፊቱን ቅርፊት ቅርፊት አድርጎ ያረግፈዋል፣ ፊደሉም አብሮ ይወርዳል። በደግነት በሲሚንቶ የሚለስኑት ሰዎች የባሰ ይጎዱታል፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ከውስጥ ስለሚያፍነው ድንጋዩ ከኋላ ይበሰብሳል። መጠገን ካስፈለገ በኖራ ይሁን።

ለማንበብ ሽቦ ብሩሽ፣ አሲድ፣ በረኪና አይነካው። ውኃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀው ቢጫ ቅርፊት ከተፋቀ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። የደበዘዘ ጽሑፍ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው አይታይም። ወደ ምሥራቅ የዞረው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል፣ ወደ ምዕራብ የዞረው እኩለ ቀን እንዳለፈ፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው ቅርጹ ጥላ ይጥልና ይነበባል። ጥላ ውስጥ ላለው መስታወት ይዞ ብርሃኑን ከጎን መወርወር ነው። በግእዝ ቁጥር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሰረዙ የጠፋ ፮ እና ፯ ይምታታሉ። የታየው እንዳለ ይገልበጥ፣ ግምቱ በሌላ ዓምድ ይጻፍ። መዝገቡ ስመ ክርስትናንና ዓለማዊ ስምን ለየብቻ ይያዝ።

በመቃብሩ መካከል የበቀለው ባሕር ዛፍ ይቆረጥ፣ ጉቶው ግን አይነቀል፤ ሥሩ አፅም ይዞ ይወጣል።

መምሪያው አንድ የቅርስ ባለሙያ ለሦስት ቀን ይላክልን፤ እስከዚያም ድንጋይ ማንሣቱ እንዲቆም ለሚመለከተው በጽሑፍ ያሳውቅልን። መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ በመምሪያው፣ አንዱ በአጥቢያው፣ አንዱ በከተማው አስተዳደር ይቀመጥ። ገመዱን፣ ፌሮውንና ደብተሩን እድሮቹ ይችላሉ፤ የሚያነቡ ሁለት መሪጌቶችና የሚለኩ ወጣቶች ተዘጋጅተዋል።

ከአክብሮት ጋር
የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ አባላትና የከተማው እድሮች ጸሐፊዎች