የሜይንፍሬም ዳታቤዝ ትምህርት ከማስመለስ ይጀምር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከወሎና ከወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒውተር ዘርፍ ተመርቀው «የሜይንፍሬም ዳታቤዝ አስተዳደር ከየት እንጀምር?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። ሜይንፍሬም ባንክን የመሰሉ ትልልቅ ተቋማት የሚጠቀሙበት ትልቅ ኮምፒውተር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ዳታቤዝ እናሠለጥናለን የሚሉ ቦታዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴሌክትና ጆይን የሚባሉትን ዳታ የመፈለጊያና የማያያዣ ትእዛዞች አስተምረው ሰርተፊኬት ይሰጣሉ። ሴሌክት መጻፍ ለፕሮግራመርም ለሒሳብ ሠራተኛም ያስፈልጋል። የአስተዳዳሪው ዋና ሥራ ግን ዳታ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ መመለስ ነው፤ ትምህርቱም ከዚያ ቢጀመር እንላለን።

ማሽኑ አጠገባችን አለመኖሩ እንቅፋት አይደለም። የሜይንፍሬም ተርሚናል 24 መስመርና 80 ዓምድ ያለው የጽሑፍ ገጽ ነው፤ በድምሩ 1,920 ፊደል። ደካማ ኢንተርኔትም ይሸከመዋል።

ለልምምድ ሦስት መንገድ አለ፤ ሦስቱም በነፃ፣ ሦስቱም ጎዶሎ። አንደኛው ሔርኩሊስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው፤ ተራ ላፕቶፕን ሜይንፍሬም አስመስሎ ያሠራል፣ በላዩም ኤምቪኤስ 3.8ጄ የተባለው የቆየ የአይቢኤም ሥርዓት ይጫናል። አንዴ በፍላሽ ከተቀዳ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ይሄዳል። ዲቢ2 የሚባለው የአይቢኤም ዳታቤዝ ሶፍትዌር ግን የለውም፤ ሥርዓቱ ዲቢ2 በ1983 እ.ኤ.አ. ይፋ ከመደረጉ በፊት የነበረ ነው። ዛሬ የሚሸጠውን የሜይንፍሬም ሥርዓት ዜድ/ኦኤስን ያለ ፈቃድ ሔርኩሊስ ላይ መጫን ሕገወጥ ስለሆነ፣ በፍላሽ ይዞ የሚዞር ካለ አትቀበሉት። ሁለተኛው ዜድ ኤክስፕሎር የሚባለው የአይቢኤም የኢንተርኔት መለማመጃ ነው፤ ተመዝግቦ እውነተኛ ዜድ/ኦኤስ ላይ መግባት ይቻላል። የብዙ ተማሪ የጋራ ማሽን በመሆኑ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን አይገኝበትም። ሦስተኛው በሊኑክስና በዊንዶውስ የሚጫነው የዲቢ2 ኮሚዩኒቲ እትም ነው፤ እስከተወሰነ የኮርና የራም መጠን ድረስ ያለ ክፍያ ይሠራል። ይሄኛው ሜይንፍሬም አይደለም፣ ብዙ ትእዛዞቹም ይለያሉ። ሙሉ ሥልጣን ይዞ እንደልብ እየሰበሩ መመለስ የሚቻለው ግን በእሱ ላይ ነው።

በሔርኩሊስ ላይ መጀመሪያ የሚለመደው ማሽኑ ሥራ የሚታዘዝበት ቋንቋ ጄሲኤል ነው። መስመሩ በሁለት ስላሽ ይጀምራል፣ ጽሑፉም ከ71ኛው ዓምድ ማለፍ የለበትም። የዲስክ ቦታ ሲጠየቅ ሒሳቡን ማወቅ ነው፤ 3390 በሚባለው የሜይንፍሬም ዲስክ አንድ ትራክ 56,664 ባይት ይይዛል፣ አንድ ሲሊንደር ደግሞ 15 ትራክ ነው። ሥራው በዲ37 የስህተት ኮድ ከወደቀ መጀመሪያ የተጠየቀው ቦታ ሞልቷል፣ ተጨማሪ ቦታም አልተጠየቀም። በቢ37 ከወደቀ ተጨማሪውም አልቋል ወይም ዲስኩ ራሱ ሞልቷል። ኮዱን ሳያነቡ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ መላክ የጀማሪ ሁሉ አመል ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዲቢ2 ዳታ የሚመልሰው በኮፒና በሎግ ነው። ኮፒው እንደ ባለሱቅ የዕቃ ቆጠራ ነው፤ ሎጉ ከቆጠራው ወዲህ የገባና የወጣው የተጻፈበት ደብተር። ደብተሩ ከሌለ ቆጠራው ከተቆጠረበት ቀን አያሻግርም።

የአስተዳዳሪ ሥልጣን በተገኘበት ሜይንፍሬም ላይ ልምምዱ እንዲህ ይሄዳል። ኮፒ በሚባለው ዩቲሊቲ (መገልገያ ፕሮግራም) የቴብልስፔሱ፣ ማለትም ሰንጠረዦች የሚቀመጡበት ቦታ፣ ሙሉ ኮፒ ይወሰዳል። ሼርሌቭል ሪፈረንስ የሚለው ምርጫ ከታዘዘ ኮፒው እስኪያልቅ ሌላው ተጠቃሚ ማንበብ ብቻ ይችላል፣ ኮፒውም ወጥ ይሆናል። ሼርሌቭል ቼንጅ ከተባለ ሥራ አይቆምም፤ ኮፒው ግን ያልተጠናቀቀ ለውጥ ሊይዝ ስለሚችል ያለ ሎግ አይታመንም። ቀጥሎ ኳየስ በሚባለው ዩቲሊቲ የሎግ ነጥብ ይያዛል፤ ነጥቡም ሲስኮፒ በተባለው የካታሎግ (የዲቢ2 የራሱ መዝገብ) ሰንጠረዥ ይመዘገባል። አሁን ሆን ብሎ ያለ ዌር፣ ማለትም ረድፍ ሳይለዩ ሁሉንም፣ ዲሊት ማድረግ፣ ከዚያ ሪከቨር የሚባለውን የመመለሻ ዩቲሊቲ እስከዚያ ነጥብ ድረስ ማስኬድ። እዚህ ላይ ጀማሪው ተመለሰ ብሎ ይነሳል። ሰንጠረዡ ብቻ ወደኋላ ሄዶ ኢንዴክሱ (የዳታው መፈለጊያ ማውጫ) ባለበት ስለቀረ ግን ዲቢ2 ኢንዴክሱን ሪቢልድ ፔንዲንግ (እንደገና እስኪሠራ የታገደ) ያደርገዋል፤ ሪቢልድ ኢንዴክስ መሠራት አለበት። በፎሪን ኪይ የተሳሰሩ ሰንጠረዦች አብረው ካልተመለሱ ደግሞ ቼክ ፔንዲንግ (እስኪመረመር መታገድ) ይከተላል። ሁሉም ሲጸዳ አዲስ ሙሉ ኮፒ ይወሰዳል።

ሎድ የሚባለውን የዳታ መጫኛ በሎግ ኖ (ሎግ ሳይጻፍ) ማስኬድም እንዲሁ ነው። ይፈጥናል፤ ሎግ ላይ ግን ስላልተጻፈ ቴብልስፔሱ ኮፒ ፔንዲንግ (ኮፒ እስኪወሰድ የታገደ) ይሆናል። ማንበብ ይቻላል፣ ለመቀየር የሞከረ ፕሮግራም ግን በስህተት ኮድ ማይነስ 904 ይመለሳል። ዲስፕሌይ ዳታቤዝን ከሪስትሪክት ጋር ብታዙ ሁኔታውን ያሳያል፤ መፍትሔውም ሙሉ ኮፒ መውሰድ ነው። የቸኮለ ሰው ስታርት ዳታቤዝን በአክሰስ ፎርስ ይሰጥና ምልክቱን ያጠፋዋል። ምልክቱ ይጠፋል እንጂ ኮፒ አይፈጠርም፤ በማግስቱ ዲስኩ ቢበላሽ የተጫነውን ዳታ የሚመልስ ነገር የለም።

የኮሚዩኒቲ እትሙ የራሱ ወጥመዶች አሉት። ዳታቤዝ ሲፈጠር ሎጉ ሰርኩላር ነው፤ የቆየው ላይ እየጻፈ ይዞራል፣ ስለዚህ መመለስ የሚቻለው ባክአፑ ወደተወሰደበት ቅጽበት ብቻ ነው። ሎግአርክሜዝ1 የሚባለው መለኪያ ሎጉን ወደ ማህደር እንዲያስቀምጥ ሲደረግ ዳታቤዙ ባክአፕ ፔንዲንግ ይሆንና አላስገባም ይላል። ተበላሸ ተብሎ ከሥሩ እንደገና የሚጫነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ኦፍላይን ባክአፕ ይወሰድ፤ ይከፈታል።

ከዚያ የሰዓት ጣጣ አለ። ከቀኑ 8:30 ላይ ሰንጠረዥ ተሰረዘ እንበል፤ በኮምፒውተሩ 14:30 ነው። ባክአፕ ከተመለሰ በኋላ ሎጉን የሚደግመው ሮልፎርዋርድ ሌላ ካልተነገረው የሚሰጠውን ሰዓት የሚያነበው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው፤ ያ ደግሞ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ ነው። 14:29 ብሎ የጻፈ ሰው ከስረዛው 3 ሰዓት ያህል አሳልፎ ሂድ ማለቱ ነው። ማሽኑም ወይ ስረዛውን ራሱን ይደግመዋል፣ ወይ እስከዚያ የሚያደርስ ሎግ የለም ብሎ ይቆማል። ትክክሉ 11:29 ነው፤ አለበለዚያ 14:29 ተጽፎ ከኋላው ዩዚንግ ሎካል ታይም ይጨመር።

ለአገራችን ዳታ ሁለት ነገር እናክል። ኤቢሲዲክ በሚባለው የሜይንፍሬም የፊደል ኮድ የተፈጠረ ሰንጠረዥ የግዕዝ ፊደል አይይዝም፤ በዩኒኮድ ይፈጠር። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ቫርካር 20 (እስከ 20 ባይት ጽሑፍ) የተባለ ዓምድ የሚይዘው 6 ፊደል ነው። «ወረባቦ» ይገባል፤ «ደሴ ዙሪያ ወረዳ» 26 ባይት ስለሆነ አይገባም። ዴት የተባለው ዓይነት ደግሞ የፈረንጆቹን ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጥቅምት 30ን ወር 02 ቀን 30 ብሎ የሚያስገባ በማይነስ 181 ይመለሳል፤ ይሄ እንኳ ደግ ነው። ክፉው መስከረም 30 ነው፤ ያለ አንዳች ስህተት ገብቶ ጃንዋሪ 30 ሆኖ ይቀመጣል።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ሌላው፣ ላብራቶሪው ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ሔርኩሊስ ቢጭን ተማሪዎች ያለ ኢንተርኔት በውስጥ ኔትወርክ ተርሚናል ከፍተው መሥራት ይችላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ለሥልጠና ከመክፈላቸው በፊት አሠልጣኙ አንድ ሰንጠረዥ ፊታቸው ሰርዞ እንዲመልስ ይጠይቁ። ባክአፑና ሎጉ ዳታው ካለበት ዲስክ ሌላ ላይ መቀመጣቸውንም ይዩ፤ አንድ ላይ ካሉ ዲስኩ ሲሞት ሦስቱም አብረው ይሞታሉ።

በዳታቤዝ አስተዳደር ሙያ የተሰማራን፣
ከደሴ