በማን በኩል?

ዳንዬ፣

መቼም ጠፋህ እንዳልልህ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ብያለሁ፤ የቀረውን ስንገናኝ ትጮህብኛለህ። ልጆቹ ደህና ናቸው? ወንበሩስ ተመቸህ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ካደግንበት ሰፈር ወጥቶ ወረዳ መሥራት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እማዬ የኮንዶሚኒየሟን ቁልፍ ተቀበለች! በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበች ናት፤ የባንክ ደብተሯን ከዳዊቷ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። ሐምሌ 2014 ዕጣው ሲወጣ ስሟ የለም። በቀናት ውስጥ ያ ዕጣ ተሰረዘ። ያልቆጠቡ ሰዎች ሲስተሙ ውስጥ ገብተው ተገኙ ተባለ፣ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ። ከ25 ሺህ በላይ ቤት እኮ ነው! ኅዳር 2015 እንደገና ሲወጣ ደረሳት።

አብራን እልል ያለች ጎረቤታችን በር ላይ ጎተት አድርጋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «በማን በኩል ነው?»

በቁጠባ በኩል ስላት ሳቀችብኝ። ክፋት የለባትም፣ የምትወደን ሴት ናት። ግን መታወቂያ ለማሳደስ እንኳ ሰው የሚፈለግበት ሰፈር ውስጥ ዕጣ እንዲሁ ደረሰ ቢሉት ማን ያምናል? ሌቦቹ ተያዙ፣ ዕጣው በድጋሚ ወጣ። ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እውነት ለመናገር አልፈርድባቸውም።

እና… እንዴት ልበልህ። ስምህ ተነስቷል። «ልጇ የወረዳው ሰውዬ ጓደኛ አይደል?» ይባላል። ዕጣው የከተማ አስተዳደሩ ነው፣ ወረዳ ምን አገባው ብዬ ባስረዳ ማን ይሰማኛል! ጭራሽ ትናንት እማዬ ራሷ ቡና እየቀዳች፣ «ዳኒ እጁ አለበት እንዴ? ካለበት ቤቱን አልፈልግም» አለችኝ። ሲኒው እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል። አረ በስመ አብ በይ አልኳት። ማታ ጋደም ስል ግን እኔንም ጥርጣሬ ሽው አለኝ። አትቀየመኝ። የለህበትማ፣ አይደል?

እሁድ አዲሱ ቤት ቡና አለ። ብትመጣ «ይኸው!» ሊሉ ነው፤ ብትቀር ደግሞ «ተደበቀ» ይሉሃል። ለማንኛውም ና። ከዚያ በፊት ግን ለእማዬ ደውልና ራስህ ንገራት፣ እኔን አላመነችኝም።

ያው እኔው