ናላርቦር መንገድ ላይ ስለተበላሸው የኪራይ ካራቫን የቀረበ ቅሬታ

ለካራቫን አከራይ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

የኪራይ ውሉን በአማርኛ አስረድታችሁ ስላዋዋላችሁን ቅሬታዬንም በዚሁ ቋንቋ አቀርባለሁ። ባለፈው ጥር ወር ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቻችንንና የ71 ዓመት እናቴን ይዤ አውስትራሊያ ውስጥ ከአደሌድ ወደ ፐርዝ ለመጓዝ ከድርጅታችሁ በመኪና የሚጎተት ካራቫን ተከራይቼ ነበር። የጉዞ መስመር በሚለው ቦታ ላይ “ኤየር ሀይዌይ፣ ናላርቦር” ብዬ ሞልቻለሁ፤ ሠራተኛችሁም አንብቦ “ለዚያ መንገድ የሚሆን ሙሉ ሰርቪስ ተደርጎለታል” ሲል አረጋግጦልኛል። ስለዚህ ወዴት እንደምንሄድ በሚገባ እያወቃችሁ ነው ያስረከባችሁን።

የናላርቦርን ሜዳ የሚያቋርጠውና ከፖርት ኦገስታ እስከ ኖርዝማን ያለው ይህ መንገድ 1,660 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በአብዛኛው የስልክ ኔትወርክ አይገኝበትም፤ የሚጠጣ ውሃም እንደልብ አይደለም። ካይጉና ከተባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ በስተምዕራብ ደግሞ 146.6 ኪሎ ሜትር ያለ አንድ ኩርባ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ካራቫኑ የተበላሸው እዚያ ላይ፣ ከካይጉና 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ነው። በመጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ወዲያው ልጄ በኋላ መስኮት ጭሱን አይታ ጮኸች። ስንወርድ የግራው ጎማ ወደ ውስጥ ተጋድሟል፤ ቸርኬው እጅ አያስጠጋም።

ካራቫኑ ስላዘመመ ከመኪናው ልንፈታው አልቻልንም። ግማሽ ጎኑ አስፋልቱ ላይ ቀርቶ፣ እስከ 36.5 ሜትር የሚረዝሙ ከባድ ተሳቢዎች ባለፉ ቁጥር በንፋሳቸው ይንገዳገድ ነበር። ከቁጥቋጦ በቀር ጥላ በሌለበት ሜዳ እናቴ ነጠላዋን በልጆቹ ራስ ላይ ዘርግታ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተቀመጠች፤ የራሷን ውሃም ለእነሱ እየሰጠች እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። በመጨረሻ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ በራሱ ክሪክ አንሥቶ ካራቫኑን ፈታልን፤ ከኋላው ለሚመጡትም በሬዲዮ አስጠነቀቀልን። ለዚህ ሰው ያለኝን ምስጋና እዚህ መጻፍ ቦታው ባይሆንም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም፤ የእናንተን ሥራ የሠራው እሱ ነውና።

ባላዶኒያ የተባለው የመንገድ ዳር ማረፊያ ደርሰን ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ “24 ሰዓት ክፍት ነው” ብላችሁ ወደሰጣችሁን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደወልኩ። በሰዓት ልዩነቱ የተነሳ አደሌድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበርና የመለሰልኝ የሥራ ሰዓት ማብቃቱን የሚናገር የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነው። መልሳችሁ የደወላችሁት በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ጎታች መኪናውንም ራሴ ፈልጌ ራሴ ከፈልኩ።

ኖርዝማን ያለው መካኒክ ጎማውን ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተፈረካክሷል፤ በውስጡ የቀረው ግራሶ ደርቆ እንደ ቡና አተላ በጣቱ ላይ ፈረፈረ። ያልተበላሸውን የቀኙን ጎን ከፍቶ ሲያሳየኝም ግራሶው ያረጀና ዝገት የተቀላቀለበት ነበር። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ሰጥቶኛል።

እናንተ ግን በደብዳቤያችሁ ጥፋቱን ከመጠን በላይ በመጫናችን አሳብባችሁ ማስያዣችንን አስቀራችሁ። ከመነሳታችን በፊት ካራቫኑን ከነዕቃው በመኪና ሚዛን አስመዝነናል፤ ደረሰኙ ከተፈቀደው ክብደት በታች መሆናችንን ያሳያል። ደግሞስ ጭነት ኩሽኔታን ሊጎዳ ይችል ይሆናል እንጂ በሁለቱም ጎን ያለውን ግራሶ በአራት ቀን አያስረጅም፣ ዝገትም አያስገባም። የመጨረሻው ሰርቪስ የተደረገበትን መዝገብ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄ አንድም ጊዜ አልተላከልኝም። ተሠርቶ ከሆነ አንዲት ገጽ ወረቀት ክርክሩን ሁሉ ትዘጋው ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ጀምሮ የጸናው የአውስትራሊያ የሸማቾች ሕግ ለኪራይ ዕቃም ይሠራል። ተከራዩ ለምን እንደሚፈልገው አስቀድሞ የተናገረለት ዕቃ ለዚያ ዓላማ ብቁ መሆን እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል፤ “ለብልሽት ኃላፊነት አንወስድም” የሚለው የውላችሁ አንቀጽም ይህን መብት ሊያስቀር አይችልም።

ስለሆነም ማስያዣው፣ ካራቫኑን ያልተጠቀምንባቸው ቀናት ኪራይ፣ የጎታች መኪናና የባላዶኒያ ማደሪያ ወጪ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ14 ቀናት ውስጥ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ጉዳዩን ለግዛቱ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቀርባለሁ። የሰርቪስ መዝገቡም እንዲላክልኝ ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ። በግቢያችሁ ተመሳሳይ ካራቫኖች ተደርድረው አይቻለሁና ሌላ ቤተሰብ ይዟቸው ወደዚያ መንገድ ከመውጣቱ በፊት የሁሉም ኩሽኔታ ተፈትቶ እንዲታይ አጥብቄ አሳስባለሁ።

የመካኒኩ ሪፖርት፣ የሚዛኑ ደረሰኝ፣ የክፍያ ደረሰኞቹና የተፈረካከሰው ኩሽኔታ ፎቶግራፎች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ኩሽኔታው ራሱ እኔ ዘንድ ተቀምጧል።

ከአክብሮት ጋር
ተከራዩ